ሲሟን ብቻ

ሌባ የሰረቀውን ስልክ አያነሳም። የሥራው የመጀመሪያ ሕግ ይሄ ነው። ሲጠራ ዝም ታሰኘዋለህ፣ ሲሙን ታወጣለህ፣ ለሁለት ሰብረህ ቦይ ውስጥ ትጥላለህ። ከዚያ በኋላ ስልኩ የማንም ያልነበረ ዕቃ ይሆናል። ገዢው አይጠይቅህም፤ አንተም ራስህን አትጠይቅም።

እኔ አንድ ቀን አነሳሁ። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ተሳስቼ ነው። ቁልፍ ያላት አሮጌ ቴክኖ ነበረች። የቁልፎቿ ቀለም ተልጦ ማንሻውና መዝጊያው አይለይም። ልዘጋ ብዬ ማንሻውን ተጫንኩት።

«ሃሎ! ልጄ!» አለ የሴት ድምፅ።

ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ አልሰድብህም። አልረግምህም። ስልኳን ውሰዳት፣ ላንተ ትሁን። ሲሟን ብቻ። ሲሟን ብቻ ለአንዱ ባለሱቅ ስጥልኝና ሂድ። ልጄ ቤሩት ናት። የምትደውልልኝ እመቤቲቱ ስትወጣ ተደብቃ ነው። ይቺን ቁጥር ብቻ ነው በቃሏ የያዘችው። እኔ እሷን የማገኝበት ቁጥር የለኝም...»

ከኋላዋ የአውቶቡስ ረዳቶች ይጮሃሉ፤ «ደሴ! ደሴ! ኮምቦልቻ!» ገና እዚያው ናት ማለት ነው። አውቶቡሱ እየሄደባት ከሰው ስልክ ለምና እየደወለች ነው። እኔ ያለሁት ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ነው።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ከግማሽ ሰዓት በፊት «እደግ ልጄ» ብሎ የመረቀኝ ድምፅ ነው።

ስልኩን ዘጋሁት። ሲሟን አወጣሁ። ሰበርኳት። 2008 ዓ.ም. ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ስልኳ 250 ብር ተሸጠች። ለሦስት ተካፍለን የደረሰኝ 80 ብር ነው፤ አሥሯ ሻይና ፓስቲ ሆነች።

*

ያደግኩት ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቼ የመንገደኛ ሻንጣ መሸከም ጀመርኩ። ሻንጣ ተሸካሚ ብዙ ነገር ያያል። ሰው ብሩን የት እንደሚይዝ፣ ሲደክመው የትኛው እጁ እንደሚላላ፣ ከሌሊት ጉዞ የወረደ ሰው እንዴት እንደሚደነባበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች «አንተ ምላስህ ጥሩ ነው፣ ከእኛ ጋር ሥራ» አሉኝ።

ቡድን ሦስት ሰው ነው። አንዱ ያወራል፣ አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይዞ ይጠፋል። እኔ የማወራው ነበርኩ። ሰዎች ሌባ ሲባል ጣቱ ፈጣን የሆነ ሰው ነው የሚታያቸው። የእኔ ጣት አንድም ቀን የሰው ኪስ ገብቶ አያውቅም። የእኔ ሥራ «እማማ፣ የደሴው በዚህ ነው፣ ልርዳዎት» ማለት ነው። «ጋሼ፣ ሻንጣዎ ተከፍቷል» ማለት ነው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ እስኪያመሰግነኝ ድረስ ሌላው ሥራውን ይጨርሳል።

ሴትየዋንም እንደዚያ ነው ያገኘኋት። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ገና ጨለማ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካንና አንድ ማዳበሪያ ይዛ ትዞራለች። ማዳበሪያውን ተሸከምኩላት። እውነት ነው የምላችሁ፣ አውቶቡሷ ድረስ ተሸክሜላታለሁ። በመሃል ጓደኛዬ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ስልኳን ፈቶ ወሰደ። ስትመርቀኝ ስልኳ ሄዷል።

«ቴሌ ሄዳ ሲሟን አታስተካም ነበር?» የሚለኝ ሰው አለ። አስተክታ ይሆናል። በራሷ ስም ወጥታ ከሆነ፣ መታወቂያ ካላት፣ የሚያስረዳት ሰው ካገኘች። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን በዚህ አጽናናለሁ። ግን እንደዚያ የሚደረግ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ እንደዚያ ትለምነኝ ነበር?

*

አሁን ስለ ራፕ ላውራ፤ ያነሳሳኝም እሱ ነውና።

በዚያን ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል ይጮሃሉ። ቴዲ ዮ ራፑን ከጉራጊኛ ምት ጋር አዳቅሎ ሲያመጣው ሰፈራችን አበደ። ከዚያ በፊት ራፕ ማለት ለእኛ የማይገባን እንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ ሲሆን ግን ነገሩ ቤታችን ያለ ዕቃ መሆኑ ገባን። እኛ እኮ ሙድ ስንያያዝ ያደግን ነን። አንዱ ሲሰድብህ ቤት እንዲመታ አድርገህ ካልመለስክ ሰፈር አትወጣም። እኔ ደግሞ በዚህ ማንም አይችለኝም ነበር።

አማርኛ ለራፐር ሁለት ፊት አለው። ግሡ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ ቤት ይመታል። «መጣሁ፣ ወጣሁ፣ አመጣሁ» እያልክ ሌሊቱን ማንጋት ትችላለህ። ጀማሪው እዚህ ይወድቃል፤ ቤት መምታቱን እንደ ችሎታ ይቆጥረዋል። የሚከብደው ግሡን ሰብረህ ስሙን መጨረሻ ላይ ማምጣት፣ አንዱን ቃል ጠበቅና ላላ አድርገህ ሁለት ነገር ማስባል ነው። አዝማሪ ያለ ስቱዲዮ ሲሠራው የኖረውን ማለት ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት ከማንም አይደለም፤ መንገደኛ ሳናግር ነው። አንድ ነገር እያልክ ሌላ ነገር ማድረግ፣ ሰምና ወርቅ አይደል?

የራፕን ታሪክ የነገረኝ የሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ነው። ነገሩ በፈረንጆቹ 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ዲጄ ኩል ሄርክ እህቱ ባዘጋጀችው የቤት ድግስ ላይ ሸክላ ሲያጫውት ተጀመረ ይባላል። እኛን ግን ድግሱ አልሳበንም። የሳበን ሌላው ታሪክ ነው። ጄይ ዚ ብሩክሊን ውስጥ ዕፅ ሲሸጥ ኖሮ በ1996 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ፊፍቲ ሴንት በ2000 ዘጠኝ ጥይት ተመቶ ተረፈ፤ በ2003 ያወጣው አልበም በሚሊዮን ተሸጠ። እኛ ከዚህ የተማርነው ምን መሰላችሁ? ወንጀል ሲቪ ነው። ሌላው ሰው ዲግሪውን ይዞ እንደሚቀርበው፣ ራፐር ያጠፋውን ይዞ ይቀርባል። ጥይት የተመታ ማስተርስ አለው።

እኛ ጥይት የለንም። ስልክ ነው ያለን። በስልክ እንቀርባለን ብለን ተነሳን።

*

ስቱዲዮው የአንድ ልጅ መኝታ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ ማይኩ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ልብሶቹን ገፋ አድርገህ ትገባለህ። ለአንድ ዘፈን 1,500 ብር ተስማማን። ብሩ ከየት እንደመጣ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ሦስት ግጥም ይዤ ሄድኩ። አንዱ ስለ እናቴ፣ አንዱ ስለ ድህነት፣ አንዱ ስለ ራሴ ጀግንነት። ቢት የሚሠራው ልጅ ሦስቱንም ሰምቶ «ብሮ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ብሎታል» አለኝ። ቡና ልንጠጣ ወጣን። እዚያ እያወራን ስለ ሥራዬ ነገርኩት። ስለ ስልኳም። የሴትየዋን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ እየተርገበገብኩ፣ «ልጄ፣ ሲሟን ብቻ፣ ሲሟን ብቻ» እያልኩ።

ልጁ ከሳቁ ብዛት ስኒውን ሊጥለው ነበር። «አዝማቹ ተገኘ!» አለ።

እንደዚያ ነው የተሠራው። ግጥሙ በሌባው አፍ ነው፤ ፎክሬበታለሁ፣ ዘዴውን ተናግሬበታለሁ። አዝማቹ ላይ ግን ድምፄን አቅጥኜ፣ የገጠር ሴት ሆኜ እለምናለሁ። «ሲሟን ብቻ»። አንድ ቦታ ላይ «ሲሟን» ስል ስሟንም የጠየቅኩ አስመስዬ ተጫውቼበታለሁ። ያን ቀን በዚያ ቃል የኮራሁትን ያህል በሕይወቴ በምንም አልኮራሁም።

ዘፈኑ በብሉቱዝና በዜንደር ከስልክ ስልክ ዞረ። ይሄንንም አስቡት፤ ስለተሰረቀ ስልክ የተዘፈነ ዘፈን ከስልክ ስልክ። በሁለት ወር ውስጥ ከመርካቶ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ደረሰ። የታክሲ ረዳቶች መልስ ስትጠይቃቸው «ሲሟን ብቻ!» ይሉ ጀመር። ልጃገረዶች ቁጥራቸውን ሲጠየቁ «ሲሟን ብቻ» ይላሉ። ሰፈር ውስጥ ስሜ ጠፋ፤ ከሩቅ ሲያዩኝ «ሲሟን ብቻ!» ነው። እኔም እጄን አውጥቼ ሰላም እላለሁ። የሴትየዋ ልመና የእኔ ስም ሆነ።

*

ራፕ ከሌብነት አወጣኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችኋል። ቃለ መጠይቅ ሲደረግልኝም እንደዚያ ነው የሚጠበቀው። እውነቱ ግን ዘፈኑ ከወጣ በኋላም ስምንት ወር ያህል ሰርቄያለሁ። እንዲያውም በደንብ ነው የሰረቅኩት፤ ለቀጣዩ ዘፈን ብር ያስፈልገኝ ነበር።

ያስቆመኝ መያዝ ነው። 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አንድ ተማሪ እጃችንን ያዘ፤ ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ ያለውን ማንም አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቀዋል። የግራ ጆሮዬ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ይጮሃል፤ ድምፅ ሲቀላቀል ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። ጣቢያ፣ ቀጠሮ፣ ፍርድ ቤት። አሥራ አራት ወር።

እስር ቤት ውስጥ ዘፈኑ ቀድሞኝ ነበር የገባው። ማታ ማታ «ሲሟን ብቻን በለን» ይሉኛል፤ እላቸዋለሁ። በጄሪካን ከበሮ ይመቱልኛል። በአልጋዬ ትይዩ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ በመሬት ጸብ ሰው ገድለው የገቡ ገበሬ። እሳቸው አንዳንድ ማታ ቀረርቶ ያወርዳሉ። ሲያወርዱ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ዘፍኜ ስጨርስ ሁሉም ሲስቅ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ቆይተው ጠሩኝና እንደ ተራ ነገር እንዲህ አሉኝ፦

«ልጅ፣ ድምፅህ ጥሩ ነው። ግን እኛ አገር በአሮጊት አይፎከርም።»

ከዚያ ተጠቅልለው ተኙ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፉከራ ላይ ፎካሪው ራሱን ገዳይ ብሎ ይጠራል። የሚቆጥረው ግን አንበሳና ዝሆን፣ መሣሪያ የያዘ ጠላት ነው። ሊገድለው ይችል የነበረውን ነው የሚፎክርበት። የጣልከው ካነሰ ፉከራህም ያንሳል። እኔ የጣልኩት ባዶ ጀሪካን የያዘች ሴትዮ ነው። እሷም መርቃኛለች።

እናቴ በየሳምንቱ እሑድ ስንቅ ታመጣለች። በሁለት አውቶቡስ፣ ፌስታል ውስጥ እንጀራና ሽሮ። አንድ እሑድ በአጥሩ ማዶ ቆማ «ያንተን ዘፈን የጎረቤቷ ልጅ አሰማችኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ። የምትሰድበኝ መሰለኝ። ዘፈን መሆኑን እንጂ የእውነት መሆኑን አታውቅም፤ ወይም አውቃለች፣ እናት ምን ታጣለች። ፌስታሉን ከእጅ እጅ እያቀያየረች ትንሽ ዝም አለችና ጠየቀችኝ፦

«እና አገኘቻት?»

«ማንን?»

«ልጇን። ቤሩት ያለችውን።»

ያን ዘፈን ስንት ሺህ ሰው እንደሰማው እንጃ። ሁሉም የጠየቀኝ «እውነት ነው? ስንት ተሸጠ? ሌላ ዘዴ አለ?» የሚል ነው። ስለ ልጅቷ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ቤሩት ውስጥ አንዲት ልጅ እመቤቷ እስክትወጣ ጠብቃ፣ በቃሏ የያዘችውን ቁጥር መትታ፣ ስልኩ «አገልግሎት አይሰጥም» እያላት፣ እናቴ ሞተች ብላ ልታስብ እንደምትችል ያወቅኩት ያን እሑድ ነው። ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ሆኜ።

*

ከእስር ስወጣ 2011 ዓ.ም. ገብቷል። መጋቢት 22 ቀን ኒፕሲ ሀስል ተገደለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከራሱ ሱቅ ደጃፍ፣ በ33 ዓመቱ። ዜናው እኛ ሰፈር የገባው እንደ ዘመድ መርዶ ነው። ኤርሚያስ አስገዶም ነው ስሙ፤ አባቱ ኤርትራዊ ነው። ፊቱን ስታየው የአጎትህ ልጅ ነው የሚመስለው።

እኔ ስለ ኒፕሲ ያነበብኩት ከሞተ በኋላ ነው። በወጣትነቱ የሰፈሩ የወሮበላ ቡድን አባል ነበር፤ ያንን አልደበቀም። በ2013 አንድ ሥራውን በኢንተርኔት በነጻ ለቀቀ፤ በዚያው ሥራ ደግሞ 1,000 ሲዲ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። በ2018 ያወጣው አልበም ለግራሚ ታጨ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ገንዘብ ሲያገኝ ሸሽቶ አልሄደም። ሲዲ እያዞረ ይሸጥበት በነበረው መንገድ ላይ ሱቅ ከፈተ፣ የሰፈሩን ልጆች ቀጠረ። የገደለውም የሚያውቀው የዚያው ሰፈር ሰው ነው።

ጓደኞቼ «አየህ፣ መመለስ ያስገድላል» አሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የያዝኩት ግን ሌላ ነው። «ከመንገድ ወደ መድረክ» የሚሉት ታሪክ ሲነገር መንገዱ እንደ ጀርባ ሥዕል ነው የሚቀመጠው፤ አንተ ትወጣለህ፣ እሱ ይቀራል። መንገዱ ላይ ግን ሰው አለ። ኒፕሲ ሰዎቹን አልተዋቸውም፤ ከጓደኛውም ከጠላቱም ጋር እዚያው ነበር። እኔ መንገዱ ላይ የተውኩትን ሰው ዘፈኑ ውስጥ ብቻ ነው ይዤው የሄድኩት፤ ለዚያውም ለማሳቅ።

በኋላ አሜሪካ ውስጥ የራፕ ግጥም ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ትልቅ ክርክር ሆነ። ያንግ ተግ የተባለው ራፐር በ2022 አትላንታ ውስጥ ተከሶ ግጥሞቹ ችሎት ላይ ተነበቡበት። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ይሄን የሚገድብ ሕግ አወጣች። ጓደኞቼ ሲከራከሩ «ግጥም እኮ ልብ ወለድ ነው፣ እንዴት ይከሰስበታል?» ይላሉ። እኔም እስማማለሁ፤ አብዛኛው ራፐር ያልሠራውን ነው የሚያወራው። እኔ ግን እዚያ ውይይት ላይ ዝም እላለሁ። የእኔ ዘፈን ልብ ወለድ አይደለም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተሸጠበት ብር ሁሉ አለበት። የእምነት ክህደት ቃሌን በቢት ሰጥቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ ያደረገው ነገር መጨፈር ነው።

*

ሌብነት ስተው ገቢዬ ቀነሰ። ይሄንን ማንም አይነግራችሁም። ላቫጆ ውስጥ መኪና ማጠብ ጀመርኩ፤ ሞባይል ጥገና ቤት ለመቀጠር ሞክሬ ባለቤቱ ስሜን ሲሰማ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ እኔም አልቀጥረኝም። ማታ ማታ እጽፋለሁ። ከዩቲዩብ እስካሁን ያገኘሁት ሁሉ ተደምሮ የአንድ ወር ቤት ኪራይ አይሞላም። ራፕ ሙያዬ ነው ስል የምበላበት ማለቴ አይደለም፤ የማላቋርጠው ማለቴ ነው።

አዳዲስ ሥራዎቼን ሰው አይጠላቸውም። «አሪፍ ነው፣ ግን ሲሟን ብቻ ዓይነት የለህም?» ነው መልሱ።

2015 ዓ.ም. የገና ዋዜማ አንድ አዘጋጅ ለአንድ ዘፈን 12,000 ብር ከፈለኝ። አንዷን ብቻ፤ የትኛዋን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቴ ከጠየቀችኝ አምስት ዓመት ሊሆን ነው፤ ሁለተኛ አልዘፍናትም ብዬ ለራሴ ከማልኩ አራት። የቤት ኪራይ ሁለት ወር አለብኝ። እሺ አልኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። አብዛኞቹ ዘፈኑ ሲወጣ ሕፃናት የነበሩ ናቸው። ግጥሙን ጀመርኩ፤ ከእኔ ጋር ቃል በቃል ይሉታል። አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ አልወጣም። አልለምን አለኝ፣ በቃ። ማይኩን ዝቅ አደረግኩ። አዳራሹ ግን አልቆመም። ሁሉም ድምፁን አቅጥኖ፣ የገጠር ሴት ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶ «ልጄ፣ ሲሟን ብቻ! ሲሟን ብቻ!» ይለኛል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እሷን ሆኖ ለመነኝ። እየሳቁ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹኛል። እኔ ደግሞ ያኔ እንዳደረግኩት ዝም ብዬ ቆሜያለሁ።

ዲጄው ተበላሽቶብኝ መስሎት ከመጀመሪያው ደገመው።

ብሩን ወሰድኩ። አልወሰድኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ወሰድኩ፤ ኪራዩንም ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አልዘፈንኳትም። ከራሴ ገጽ ላይ አወረድኳት። ከሌሎቹ ማውረድ ግን አልቻልኩም፤ በየቴሌግራም ቻናሉ አለች፣ በቲክቶክ የቀልድ ድምፅ ሆናለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሲም ሰብረህ ቦይ ውስጥ ትጥላለህ፤ ዘፈን ግን አይሰበርም።

*

ባለፈው ወር አንድ የ16 ዓመት ልጅ ላቫጆው ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ይጽፋል። ሰማሁት፤ ምላሱ ስለት ነው፣ ከእኔ ይበልጣል። «ችግሬ ምን መሰለህ፣ ታሪክ የለኝም» አለኝ። «ሰርቄ አላውቅም፣ ታስሬ አላውቅም። ምን ብዬ ራፕ አደርጋለሁ?» ሊማር ነው የመጣው። ግጥም ሳይሆን፣ ያኛውን።

እናትህ ምን ትሠራለች አልኩት። ጉልት ቲማቲም ትሸጣለች። አባትህስ? አያውቀውም። ጠዋት ማን ነው ቲማቲሙን የሚያወርደው? እሱ ነው፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከአትክልት ተራ፣ በጀርባው። ስንት ሳጥን? ነገረኝ። ጀርባህን የሚያምህ የት ጋ ነው? አሳየኝ። ይሄንን ጻፍ አልኩት። «ይሄ እኮ ምንም አይደለም» አለኝ። እሱ ዕድሜ ላይ ሆኜ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው፤ ለዚህ ነው እንዲህ የሆንኩት።

ከዚያ የስልኳን ነገር ነገርኩት። ዘፈኑን ስለሚያውቀው መጀመሪያ ሳቀ። ሳይስቅ እስኪሰማኝ ድረስ ደግሜ ነገርኩት። ሄደ። እንደገና ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። እስኪፈረድ አይፈቱም፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ። ስልኳ የተፈታው ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ነበር። እኛ የቋጠርነውን አላየንም።

አንዳንድ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ። አገኛታለሁ ብዬ አይደለም። ፊቷን እንኳ በጨለማ ነው ያየሁት። ማዳበሪያ የከበደው ሰው ካየሁ እሸከምለታለሁ፤ አንዳንዱ ሌባ መስሎት አይሰጠኝም። አልቀየምም። ፈልጌ አገኘኋት ብል፣ ይቅር አለችኝ ብል፣ ልጇም ደወለች ብል ጥሩ ዘፈን ይወጣው ነበር።

ያኔ በስልክ ያወራችኝ ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከበሩ እስከ አውቶቡሱ አብረን ሄደናል። ከየት እንደመጣች ጠይቄያታለሁ፣ ወዴት እንደምትሄድ ጠይቄያታለሁ፤ ሥራዬ ማውራት ነበር። በእሷ ቃል ታወቅኩ፣ በእሷ ቃል 12,000 ብር በላሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ በእሷ ቃል ይጠራኛል። ስሟን ግን አልጠየቅኳትም።